ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር፦ በአሮጌ ባለ ወናፍ ካሜራ ፎቶግራፍ ማንሣትን ለሚጀምሩ



ባለፈው ዐቢይ ጾም በዴር ሡልጣን ግቢ፣ በቅድስት ዕሌኒ ቤተ ጸሎት ጉልላት አጠገብ፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ሣጥን አስቀምጦ፣ ራሱን እስከ ወገቡ በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ፣ ለረጅም ሰዓት አጎንብሶ የሚውል ሰው ያያችሁ ብዙዎች ናችሁ። ከፊሎቻችሁ መሬት ቀያሽ መስሏችሁ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት እናት ደግሞ «ልጄ፣ አሞህ ነውን?» ብለው አንድ ብርጭቆ ውኃ አምጥተውልኛል። ያ ሰው እኔ ነበርሁ። ውኃውን በደስታ ጠጥቻለሁ፤ በጨርቁ ሥር ያለው ሙቀት ቀላል አይደለምና።

ከዚያ ወዲህ «ይህን ሥራ ለመጀመር ምን ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ ከተሳላሚዎችም ከገዳሙ ወጣት መነኮሳትም ስለ በዛብኝ፣ የተማርሁትን፣ ይልቁንም የተሳሳትሁትን፣ በዚህ ገጽ ለመጻፍ ወደድሁ። ከስሕተቶቼ አንዱ አንድን አባት የሚነካ ስለ ሆነ በፈቃዳቸው ነው የምጽፈው፤ ስማቸው ግን እንዳይጠቀስ ለምነውኛል።

ዕቃው

ካሜራውን ያገኘሁት በያፋ ከሚገኘው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። ክራውን ግራፊክ ይባላል፤ በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ በሮቸስተር ከተማ ይሠራ የነበረ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺዎች እጅ ብዙ ያገለገለ ዓይነት ነው። አካሉ ቆዳ የለበሰ እንጨት ነው። ሲታጠፍ እንደ ሣጥን ይዘጋል፤ ፊቱ ሲከፈት እንደ አንጥረኛ ወናፍ የተጣጠፈ ጥቁር ነገር ከውስጡ ይወጣል፤ በወናፉም ጫፍ ላይ ሌንሱ ተተክሏል። በጀርባው ደብዛዛ መስታወት አለ። ከዚህ በቀር ባትሪ የለው፣ ሽቦ የለው፣ የሚበራ ነገር የለው።

ሻጩ «ምንም አልጎደለውም» ብሎኝ ነበር። እኔም ሳልመረምር ገዛሁ። ማታ መብራቱን አጥፍቼ ትንሽ የእጅ ባትሪ በወናፉ ውስጥ ባበራ፣ በእጥፋቶቹ ማዕዘን 7 ጥቃቅን ቀዳዳዎች እንደ ከዋክብት ታዩኝ። በእያንዳንዱ ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ፊልሙን ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ ጥቁር የጨርቅ ቀለም ከሙጫ ጋር ቀላቅዬ በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ደፈንኋቸው። ሻተር የሚባለው የሌንሱ መዝጊያም ሰንፎ ነበር፤ 1 ሰከንድ ብዬ ብለቀው ወደ 3 ሰከንድ ይቆይ ነበር። ውስጡ እንደ ሰዓት ጥርስ ባላቸው ጥቃቅን መዘውሮች የሚሠራ በመሆኑ፣ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ፈትተው የደረቀውን ቅባት አጥበው መለሱልኝ። «ከላይ ዘይት ብታንጠባጥብበት ኖሮ ጨርሶ ይሞት ነበር» አሉኝ።

እንግዲህ አሮጌ ካሜራ ለመግዛት የሚያስብ ሰው አምስት ነገሮችን ይመርምር፤ ወናፉ ብርሃን አያሳልፍ፤ መዝጊያው በዘገምተኛውም በፈጣኑም ልክ ይሥራ፤ ሌንሱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ አይኑር፤ የጀርባው መስታወት አይሰንጠቅ፤ የፊልሙ መያዣዎችም መከለያቸው ሳይጎብጥ ይገኙ። የውጭው ቆዳ መላጡ ግን አይጎዳም።

መስታወቱና ሉሁ

ይህ ካሜራ የሚጎርሰው ጥቅል ፊልም አይደለም፤ 4 በ5 ኢንች የሆነ አንድ አንድ ሉህ ነው። ሉሁ በቀድሞው የጥቅል ፊልም ካሜራ ከምናውቀው ከአንዲቱ ባለ 35 ሚሊ ሜትር ምስል በስፋት 15 እጥፍ ያህል ይሆናል። ምስሉ በትልቅ ወረቀት ላይ ሲታተም የግድግዳው ስንጥቅና የመጽሐፉ ፊደል ሳይደበዝዝ የሚታየው ስለዚህ ነው።

ሁለት ሁለት ሉህ በአንድ ጠፍጣፋ መያዣ ግራና ቀኝ ይገባል። ብራናችንን የምናኖርበትን የቆዳ ከረጢት ማኅደር እንደምንለው፣ እኔም ይህን መያዣ ማኅደር እለዋለሁ። በእያንዳንዱ ጎኑ ተስቦ የሚወጣ ስስ መከለያ አለ። የመከለያው እጀታ አንድ ፊቱ ነጭ፣ ሌላው ጥቁር ነው፤ ነጩ ወደ ውጭ ሲሆን ሉሁ ገና ብርሃን አላየም ማለት ነው፤ ጥቁሩ ወደ ውጭ ሲሆን ሥራው አልቋል። በነጩ በኩል በጣት የሚዳሰሱ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ስላሉ በጨለማም ይለያል።

ሉሁን ወደ ማኅደሩ ማስገባት ፍጹም ጨለማ ይፈልጋል። የእንግዳ ማረፊያውን መታጠቢያ ክፍል ማታ ማታ ተጠቅሜበታለሁ፤ በበሩ ሥር ብርድ ልብስ እወትፍ ነበር። ሉሁ በአንድ ጥግ የተቆረጡ ምልክቶች አሉት፤ በቀኝ እጅ ቀጥ አድርጎ ሲይዙት ምልክቱ በላይኛው ቀኝ ጥግ ከሆነ፣ ብርሃን የሚቀበለው ፊት ወደ ያዘው ሰው ዞሯል። ጀማሪው አንድ ሉህ መሥዋዕት አድርጎ በቀን ብርሃን ደጋግሞ ቢለማመድ፣ ቀጥሎም ዐይኑን ጨፍኖ ቢሞክር፣ በጨለማው ክፍል አይደናገጥም።

ካሜራው ከቆመ በኋላ ሌንሱ ይከፈታል፤ ምስሉም በደብዛዛው መስታወት ላይ ያርፋል። የውጭው ብርሃን እንዳይጋርደው ነው ጥቁሩን ጨርቅ የምንከናነበው። የሚያስገርመው ግን ምስሉ ተገልብጦ መታየቱ ነው፤ ላዩ ታች፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሴን ያዞረኝ ነበር። በኋላ ግን የተገለበጠው ምስል ጥቅም እንዳለው አስተዋልሁ፤ ዐይን የለመደውን ነገር በስሙ ማለፍ ትቶ፣ ጥላው የት እንደ ወደቀ፣ ግድግዳው የት እንደ ዘመመ ይመለከታል።

ሕንፃ ለሚያነሣ ሰው ደግሞ ሌላ ጸጋ አለው። ረጅም ሕንፃ ስናነሣ ካሜራውን ወደ ላይ ካቀናነው ግድግዳዎቹ ወደ ኋላ የሚወድቁ ይመስላሉ። በዚህ ካሜራ ግን አካሉ ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ ሌንሱን ብቻ ከፍ ማድረግ ይቻላል። የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ክብ ቤተ ክርስቲያን ከነጉልላቱ ያነሣሁት እንዲህ ነው፤ አንድም ዐምድ አልዘመመብኝም።

የብርሃኑን ልክ በተመለከተ፣ የብርሃን መለኪያ የሌለው ሰው በዚህ አይሳሳት፤ በጠራ ፀሐይ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 16 ላይ አድርጎ፣ የመዝጊያውን ፍጥነት ከፊልሙ የፍጥነት ቁጥር ጋር ያስተካክል። እኔ የምጠቀምበት ኤፍ ፒ 4 ፕላስ የሚባለው ፊልም ቁጥሩ 125 ነው፤ ስለዚህ 1/125 ሰከንድ ይሆናል ማለት ነው። በእኔ መዝጊያ ላይ የሚቀርበው 1/100 ስለ ሆነ እርሱን እይዛለሁ። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጧፍ ብርሃን ሲሆን ግን ሌላ ሕግ አለ፤ ፊልሙ ብርሃን ባነሰው ጊዜ ይሰንፋልና፣ መለኪያው 10 ሰከንድ ቢል ለዚህ ፊልም ወደ 18 ሰከንድ መስጠት ያሻል። የብራና ቅጠልን በተፈጥሮ መጠኑ ለማንሣት ወናፉን እጥፍ ስንዘረጋም ብርሃኑ ወደ ሩብ ስለሚወርድ ጊዜውን አራት እጥፍ እናደርጋለን።

ጥበቡ ለገዳም እንግዳ አይደለም

አንዳንድ አባቶች «ይህ የዓለም ጨዋታ ለገዳም ምን ይረባል?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚህች ከተማ ፎቶግራፍ ሥር ከሰደደባቸው ቦታዎች አንዱ ገዳም ነው።

የፎቶግራፍ ጥበብ በፓሪስ ለሕዝብ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1839 ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ፈረንሳዊው ፍሬዴሪክ ጉፒል ፌስኬ አዲሱን መሣሪያ ይዞ ኢየሩሳሌም ደርሷል። ይህ ግን የመንገደኛ ሥራ ነበር። ጥበቡን በከተማይቱ ውስጥ ተክለው ካስተማሩት ቀዳሚዎች አንዱ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ ከእኛ ጥቂት ርምጃ በሚርቀው በአርመናውያን የቅዱስ ያዕቆብ ገዳም የነበሩት የሳዪ ጋራቤድያን የተባሉ መነኩሴ ናቸው። በገዳሙ ቅጥር የፎቶግራፍ ሥራ ቤት አቋቁመው ወጣቶችን አሠለጠኑ፤ ቆይተውም የኢየሩሳሌም የአርመን ፓትርያርክ ሆነው እ.ኤ.አ. በ1885 እስካረፉ ድረስ በመንበሩ ተቀምጠዋል።

ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ጋራቤድ ክሪኮርያን ከያፋ በር ውጭ ፎቶ ቤት ከፈተ። ከእርሱ የተማረው ኻሊል ራድም በኋላ በዚያው መንገድ ፊት ለፊቱ ሌላ ፎቶ ቤት ከፍቶ ሁለቱ ተቀናቃኞች ሆኑ፤ ያስታረቃቸውም የክሪኮርያን ልጅ የራድን የወንድም ልጅ ማግባቱ ነው ይባላል። በሀገራችንም በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው ቤድሮስ ቦያጂያን አርመናዊ ነበር፤ ልጆቹም ሥራውን ወርሰዋል።

በከተማይቱ የአሜሪካን ኮሎኒ የተባለው ማኅበር የፎቶግራፍ ክፍል ያነሣቸው፣ ከ22,000 በላይ የሚሆኑ የመስታወትና የፊልም ኔጋቲቮች ዛሬ በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በእነርሱ መካከል የእኛ መነኮሳትና ቤተ ክርስቲያናችን፣ እንዲሁም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1936) በስደት ኢየሩሳሌም የገቡበት ዕለት አሉ። እነዚያ ምስሎች እንዲህ ጥርት ብለው የቆዩልን እንደዚህ ባሉ ሰፋፊ ሉሆችና መስታወቶች ላይ ስለ ተነሡ ነው።

በአረንጓዴው በር አጠገብ የሚቀመጡት አባት

አሁን ወደ ተውሁት ነገር እመለሳለሁ። በግቢው ውስጥ በአንዲት አረንጓዴ በር አጠገብ፣ በዝቅተኛ ድንጋይ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ዳዊታቸውንና መቁጠሪያቸውን ይዘው የሚቀመጡ አንድ አባት አሉ። ጎብኚዎች በስልክ ሊያነሷቸው ሲጠጉ መጽሐፉን ከፍ አድርገው ፊታቸውን ይሸፍናሉ። ዳዊት የያዙ ሁለት እጆች እንጂ መልካቸው በማንም ስልክ የሚገኝ አይመስለኝም።

እኔ ካሜራዬን በጉልላቱ አንጻር አቁሜ ብዙ ቀን ዋልሁ። ጉልላቱ አይንቀሳቀስም፣ አይቈጣም፤ ለጀማሪ መልካም መምህር ነው። በጾሙ አራተኛ ሳምንት እኒያ አባት ተነሥተው መጡና «ልጄ፣ በዚህ ውስጥ ምን ታያለህ?» አሉኝ። ጨርቁን ገለጥሁላቸውና ገቡ። ጉልላቱ እንደ ቀንዲል ተንጠልጥሎ፣ ከግቢው የሚያልፉ አንዲት እማሆይም ተገልብጠው በሰማይ ሲራመዱ አዩ። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ ከጨርቁ ሥር «እማሆይ ሳይሞቱ ዐረጉ» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ሳቃቸውንም ያን ዕለት መጀመሪያ ሰማሁ።

ከሳምንት በኋላ ጠሩኝ። በጎጃም አንዲት ታላቅ እኅት አለቻቸው፤ ከተለያዩ 31 ዓመት ሆኗቸዋል። በየዓመቱ በተሳላሚዎች እጅ «መልክህን ላክልኝ» ብላ ትልካለች።

«መነኩሴ ለዓለም የሞተ ነው፤ የሞተ ሰው ምን መልክ አለው እያልሁ ስከለክላት ኖርሁ» አሉኝ። «ዘንድሮ ግን ዐይኗን ሞራ ጋርዶታል አሉ። ሳታየኝ ብትቀር በደሉ የእኔ ነው፤ በምንኩስናዬ ላላክከው አልችልም።»

እኔም እውነቱን ነገርኋቸው፤ በስልክ ቢነሡ በአንዲት ደቂቃ እንደሚያልቅ፣ እርሱም በትልቅ ወረቀት ሊታተም እንደሚችል፣ እኔ ገና ተማሪ እንደ ሆንሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስልኩን ሳይ ፊቴ ይሸሻል። አንተ ግን ስትዘጋጅ ሰው ለመቀመጥ ጊዜ ያገኛል።» ቀኑንም ቈረጡ፤ የሆሣዕና ዋዜማ ቅዳሜ፣ በእኛ አቈጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት። ተሳላሚዎቹ ከትንሣኤ በኋላ ረቡዕ ስለሚመለሱ ምስሉ በእነርሱ እጅ ይሄዳል።

ሁለት ሉህ

ያን ዕለት ግድግዳው ጥላ ጥሎ ነበር፤ ለፊት የሚስማማ ለስላሳ ብርሃን። ኤፍ 8 ላይ አድርጌ 1/50 ሰከንድ ሰጠሁ። አባታችን ዳዊታቸውን በጉልበታቸው ላይ አኑረው፣ ፊታቸውን ገልጠው፣ 20 ደቂቃ ያህል ሳይነቃነቁ ተቀመጡ። ሁለት ሉህ አነሣሁ። «አለቀን?» አሉ። «አለቀ፣ አባታችን» አልሁ።

የሆሣዕና አገልግሎት አልፎ ጊዜ ያገኘሁት እሑድ ማታ ነው። ፊልም ማጠብ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ሦስት ሳሕን ይበቃል። በመጀመሪያው ምስሉን የሚያወጣው መድኃኒት፣ በሁለተኛው ሥራውን የሚያቆመው፣ በሦስተኛው ምስሉን የሚያጸናው ይሆናል፤ ከዚያ በብዙ ውኃ ማጠብና ከአቧራ ርቆ ማድረቅ ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት ሙቀት 20 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው፤ በበጋ የቧንቧው ውኃ ስለሚሞቅ ሳሕኑን በበረዶ አጠገብ አኖራለሁ። ደቂቃው በፊልሙና በመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ ተጽፏል። በፊልሞች ላይ እንደምናየው ቀይ መብራት ለወረቀት እንጂ ለዚህ ፊልም አይሆንም፤ ኤፍ ፒ 4 ቀይንም ስለሚያይ ሁሉም በጨለማ፣ በጣት ይሠራል።

ከማጽኛው አውጥቼ መብራት ባበራ፣ አንዱ ሉህ እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ ሌላው እንደ መስኮት መስታወት ጠርቶ ባዶ ሆኗል።

ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አላሰብሁም። በመጀመሪያው ሉህ ጊዜ፣ በመስታወቱ ላይ ለማየት የከፈትሁትን ሌንስ ሳልዘጋ መከለያውን ሳብሁት፤ ብርሃኑ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገብቶ ፊልሙን አነደደው። በሁለተኛው ጊዜ ሌንሱን ዘጋሁ፤ መከለያውን መሳብ ግን ረሳሁ። አንዱን ከፍቼ ተውሁ፣ ሌላውን ሳልከፍት ተውሁ።

በማግሥቱ ሰሙነ ሕማማት ገባ። በእነዚያ ቀናት መስቀል መሳለም የለም፤ «አባ ይፍቱኝ» ማለትም፣ «እግዚአብሔር ይፍታ» ማለትም የለም። በስግደት መካከል በየቀኑ አያቸዋለሁ፤ እርሳቸውም ያዩኛል፤ እኔ ግን ዐይኔን ወደ መሬት አወርዳለሁ። ማታ ማታ ክፍሌን ዘግቼ በባዶ ማኅደር ተለማመድሁ። ሥርዐቱ ይህ ነው፤ ለጀማሪው ሁሉ ይጠቅማልና በቍጥር እጽፈዋለሁ።

1. ካሜራውን አቁም፤ ሌንሱን ክፈት፤ በመስታወቱ ላይ ምስሉን አጥራ።
2. ብርሃኑን ለካ፤ ቀዳዳውንና ፍጥነቱን አስተካክል።
3. ሌንሱን ዝጋ።
4. መዝጊያውን ወጥር፤ አንድ ጊዜ በባዶው ሞክረው፤ እንደ ገና ወጥር።
5. ማኅደሩን አስገባ፤ በሌንሱ በኩል ያለው መከለያ ነጩ እጀታ ወደ ውጭ እንዲሆን ተመልከት።
6. በሌንሱ በኩል ያለውን መከለያ ሳብ።
7. ትንሽ ጠብቀህ ልቀቅ።
8. መከለያውን ጥቁሩ እጀታ ወደ ውጭ አድርገህ መልስ።

ስምንቱን በቃሌ አጠናሁ፤ በየሌሊቱም ድምፄን ዝቅ አድርጌ እደግማቸው ነበር።

ማዕዶት

በትንሣኤ ማግሥት ሰኞ፣ በማዕዶት፣ ማልጄ ሄድሁ። «አባ ይፍቱኝ» ብዬ ወደቅሁ። «እግዚአብሔር ይፍታ» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ፤ ከዚያም ሁለቱን ሉሆች አሳየኋቸው። ጠቁሮ የወጣውን ወደ ፀሐይ አንሥተው አዩት፤ ቀጥለው የጠራውን አንሥተው በእርሱ ውስጥ እኔን አዩኝ።

«ይህን ያወቅኸው መቼ ነው?»

«በሆሣዕና ማታ፣ አባታችን።»

«ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ለምን አልነገርኸኝም?»

«ሕማማት ስለ ነበረ ይፍቱኝ ማለት አልቻልሁም።»

«ይፍቱኝ ማለት አይቻልም። መንገር ግን ይቻል ነበር» አሉ። «እኔ ለእኅቴ መልኬ እየመጣ ነው ብዬ ልኬባታለሁ።»

መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም የለኝም። ስለ ተበላሸው ፊልም ብዙ አላዘንሁም፤ ስለዚያች ዝምታ ሳምንት ግን ስጽፍ እንኳ አፍራለሁ። ሥርዐቱን መሸሸጊያ አድርጌው ነበርና።

ጥቂት ቆይተው ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ። «እንግዲህ በሆሣዕና ዋዜማ አልተነሣሁም፤ በማዕዶት እነሣ ይሆናል። ሂድ፣ ዕቃህን አምጣ» አሉኝ።

በ10 ሰዓት ካሜራው በቦታው ቆመ። ስምንቱን ትእዛዝ ጮክ ብዬ እየተናገርሁ መሥራት ጀመርሁ። አባታችን ከተቀመጡበት ያዳምጣሉ። የመጀመሪያውን ሉህ አነሣሁ። ማኅደሩን ገልብጬ ለሁለተኛው ስዘጋጅ «ሌንሱን ዘጋህ?» አሉኝ። «ዘግቻለሁ።» ጥቂት ጠበቁና፣ እኔ መልቀቂያውን በያዝሁበት ቅጽበት፣ «መከለያውንስ?» አሉ። ተስቦ ነበር። ለቀቅሁት።

ማታ አጠብኋቸው። ሁለቱም ወጥተዋል። በመጀመሪያው ሉህ ላይ አባታችን በጸጥታ ተቀምጠዋል፤ መልካም ምስል ነው። በሁለተኛው ላይ ግን ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው፣ ከንፈራቸውን ከፍተው፣ አንዱን ጣታቸውን ከዳዊቱ ላይ አንሥተው ይጠይቃሉ። በከተማው የሚገኝ ማተሚያ ቤት ማክሰኞ ዕለት ሁለቱንም በሰፊ ወረቀት አወጣልን። አባታችን ሁለቱንም አይተው ሁለተኛውን መረጡ። ረቡዕ ማለዳ አንዲት የጎጃም ተሳላሚ በካርቶን መካከል አኑረው ይዘውት ሄዱ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የእኅታቸው ልጅ ስልክ ደወለ። እናቱ ምስሉን በመስኮቱ አጠገብ ይዘው ወደ ዐይናቸው አስጠግተው ብዙ ከቆዩ በኋላ፣ መጀመሪያ «ጢሙ ነጥቷል» አሉ። ቀጥለውም «ሲናገር ነው ያነሡት። ድሮም ዝም ብሎ አያውቅም» አሉ። ይህን ለአባታችን ስነግራቸው አጠገባቸው የነበሩት መነኮሳት ተገረሙ፤ እርሳቸው በግቢው ሁሉ በዝምታቸው የሚታወቁ ናቸውና። አባታችን ግን ዳዊታቸውን ከፍ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ስላየሁ እየሳቁ ይመስለኛል።

ለሚጀምር ሰው የመጨረሻ ቃል

ይህን ሥራ መጀመር ለሚፈልግ ጥቂት ነገር ልጨምር። በአንድ ሌንስ፣ በአንድ ዓይነት ፊልምና በአንድ መድኃኒት ይጀምር፤ ሁሉን ካቀያየረ ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ አያውቅም። አንድ ሣጥን ፊልም 25 ሉህ ይይዛል፤ ዋጋው ቀላል ስላልሆነ ከማይንቀሳቀስ ነገር ቢጀምር ይመከራል፤ ግድግዳ፣ በር፣ ጉልላት። የእያንዳንዱን ሉህ ሰዓት፣ ቀዳዳና ፍጥነት በደብተር ይጻፍ።

ከሀገር ፊልም ይዛችሁ የምትመጡ ተሳላሚዎች፣ ከምትጭኑት ሻንጣ ውስጥ አታስገቡት፤ የሻንጣው ጨረር ፊልሙን ያበላሸዋል። በእጃችሁ ይዛችሁ፣ በተለይም በአዲሶቹ ስካነሮች እንዳያልፍ፣ በእጅ እንዲፈተሽ በትሕትና ለምኑ።

በግቢያችንም ማንን ብታነሡ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ «አይሆንም» ያላችሁ አባት ወይም እናት ነገ ሐሳባቸውን ሊለውጡ ይችላሉ፤ ባይለውጡም መብታቸው ነው።

ኔጋቲቮቹ በመዝገብ ቤታችን በወረቀት ፖስታ ተቀምጠዋል። ጠቁሮ የወጣውንና ባዶ የቀረውንም አብሬ አኑሬአለሁ፤ ለሚማር ሰው አሳያቸዋለሁና። ካሜራው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጉልላቱ አጠገብ ይቆማል፤ ከጨርቁ ሥር ገብቶ ማየት ለሚወድ ሁሉ ቦታ አለ። ውኃ ይዞ ለሚመጣም ምስጋናዬ የበዛ ነው።